ዋስ የሌለው እሑድ

ገነነ ጫማውን ለምን አወለቀ?

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ራሷን የጠየቀችው ይህን ነበር። ከበላይዋ የቆሙት የጅጋ ፖሊሶች ጥያቄ መኖሩንም አላስተዋሉም። ለእነሱ ነገሩ ያለቀ ነው። ነሐሴ ነው፣ መሬቱ ያዳልጣል። ሰውዬው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱን ሊያጥብ ወደ ወንዙ ወረደ፤ የእጅ ፍሬኑ ከዳው፤ መኪናዋ ቁልቁል ተንሸራታ ከዋንዛ ግንድ ጋር አጣበቀችው።

«ባልዲው ይኸው፣ ጨርቁ ይኸው፣ ሳሙናው ይኸው» አለ ሳጅኑ ደመናውን ሽቅብ እያየ። «ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀምጧል፤ ሱሪውን ጠቅልሏል። መኪና አጣቢ እንዲህ ነው። ዝናቡ ሳይመጣብን አደጋ ብለን እንዝጋው እንጂ፣ ኢንስፔክተር።»

«ውስጥ እግሩን አይተኸዋል?»

«ምን አለው?»

«ምንም የለውም። እሱ ነው የገረመኝ።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየ። የሟቹ ውስጥ እግር እንደ ታጠበ ሳሕን ንጹሕ ነው። የሳጅኑ የራሱ ቦት ጫማ ግን ከመንገዱ እዚህ እስኪደርስ ቀዩን ጭቃ ተሸክሞ እጥፍ አክሏል።

ፍሬሕይወት ሽቅብ ወጣች። ሚኒባሷ ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ ጎማዎቹ መሬቱን አጎድጉደውታል። ከፊት ጎማው ሥር ደግሞ ትልቅ ድንጋይ ተቀምጦበት የነበረ ምልክት አለ፤ ጠርዙ ገና አልፈረሰም።

«ታኮው የት አለ?»

«ተንከባሎ ይሆናላ።»

«ቢንከባለል ከታች እናገኘው ነበር። እስቲ ፈልጉት።»

ፈለጉት፤ የለም። የሟቹ ስልክም የለም። ሳጅኑ ባልደረባውን በክርኑ ጎሸም አደረገው። መራዊ ተወልዳ፣ የወንጀል ምርመራን ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችውን ይህችን ሴት የፍኖተ ሰላም ፖሊሶች «እሜቴ ጥርጥር» ይሏታል። «‹እንዴት አደርሽ› ቢሏት ‹ማደሬን ማን ነገራችሁ› ትላለች» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ታውቃለች። በተመለሰች ማግስት ያስከፋት ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

የሟቹ አማት የወይዘሮ ወለተ ሐና ቤት ከቁልቁለቱ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነው። ገነነና ሚስቱ ያምሮት ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ቅዳሜ ከቡሬ የመጡት ወደዚህ ነበር። ጭቃው መኪና ስለማያስወጣ ሚኒባሷን ከታች አቁመው በእግራቸው ወጡ። አሁን ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። አንዲት ጎረቤት በጆግ ውኃ ይዛ ወደ ያምሮት ቀረበች።

«ፊቷን አስታጥቧት እንጂ፣ ልትደክም ነው።»

ያምሮት እሳት እንደ ቀረበባት ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እናቷ ጆጉን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብለው ከበር ጀርባ አስቀመጡት። ፍሬሕይወት ይህን አየች። ያምሮት በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ አለማንሳቷን፣ መደብ ላይ ተቀምጣም ጫማዋን አለማውለቋንም አየች። ቀርባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ዛሬ ቆርበሻል?»

ያምሮት ራሷን ነቀነቀች።

«እሱስ?»

«አብረን። ጧት አብረን ነው የተቀበልነው። የዛሬውን ቀን ስንመኘው ኖረን...»

ፍሬሕይወት የሟቹን ንጹሕ ውስጥ እግር አስታወሰች። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ገላውን ውኃ አያስነካም፣ ወንዝ አይወርድም፣ በባዶ እግሩ መሬት አይረግጥም፤ እንቅፋት ቢያደማው ነውር ነው። ይህን ልጅ ሆና ታውቀው ነበር። ባሕር ማዶ የሆነ ቦታ ጥላው መጥታ አሁን በሰው ቤት አገኘችው። እንዲህ ያለ ሰው ጫማውን አውልቆ መኪና ሊያጥብ?

«ታዲያ ለምን ወረደ?»

«ተደወለለት። ‹መጣሁ› አለና ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ማን እንደሆነ አላለኝም። ዛሬ ወሬ አያበዛም ነበር፤ አፉን ሸፍኖ ነው የዋለው።»

«መቁረባችሁን ማን ያውቃል?»

«ከቅርብ ሰው በቀር አልነገርንም። ወሬ እንዳይሆንብን።»

«እንግዲያው አሁንም ለማንም አትናገሩ። እማማም እንዲሁ።»

ያምሮት እጅጌዋን ያዘቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አደጋ ነው ብለው ቢተዉልኝስ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መኪናዋ የብድር ናት። ዋሳችን መምህር ቴዎፍሎስ አሁን ደውለው ‹አይዞሽ፣ ዋስትናዬ እንዳለ ነው፣ ሹፌር ቀጥረሽ ታሠሪያታለሽ› ብለውኛል። ነገሩ ፖሊስና ፍርድ ቤት ከሆነ ሰው ሁሉ ይሸሸኛል። መኪናዋንም ይወስዷታል። ለዚህ ልጅ ሌላ ምን አለኝ?»

ፍሬሕይወት ሕፃኑን አየችው። ከአያቱ ጉልበት ላይ ሆኖ የለቀስተኛውን አፍ እያየ ይስቃል። ራሱን ዳሰሰችውና ተነሣች።

በማግስቱ ቡሬ ገባች። በቁጠባና ብድር ተቋሙ የብድር ሠራተኛዋ ናጂሃ ወንበር ሳበችላት።

«ገነነ የብድር ታሪክ አልነበረውም» አለች ናጂሃ። «ዕድሜውን የሰው ባጃጅ በቀን ሒሳብ ሲነዳ ኖሮ ባንክ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ታሪክ የለውም ማለት መጥፎ ሰው ነው ማለት እኮ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት አያውቀውም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እኛ ዘንድ በስሙ እንዲቆጥብ አደረግን። እቁብተኞቹ መጥተው መሰከሩለት። የመኪናዋ ሊብሬ እኛ ጋ ተያዘ። በመጨረሻ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ስንለው መምህር ቴዎፍሎስን አመጣ።»

«ለምን እሳቸው?»

«አበ ልጁ ናቸዋ! የልጁን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። በናንተ ዘንድ ከወንድም ይበልጣል ይባል የለ?»

«ዋስ የሆነ ሰው ምን ይቀርበታል?»

«ብድሩ እስኪያልቅ በዚያ ደሞዝ ሌላ መበደር አይችልም። መምህሩ ሰኔ ላይ ለራሳቸው መኪና ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ‹ስምዎ ተይዟል› አልናቸው።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ።»

«ሳቁ?»

«ሳቁና ሄዱ። ጨዋ ሰው ናቸው።»

«አሁን መኪናዋ ምን ትሆናለች?»

«ዋሱ ከጸኑ ለባለቤቱ እናዞርላታለን። ዋሱ ከወረዱ...» ናጂሃ ብዕሯን አገላበጠች። «እሷም እንደ እሱ ታሪክ የላትም። እንወስዳታለን።»

እጅጉን ያገኘችው ከባጃጅ ተራው ላይ፣ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ነው። የገነነ የልብ ጓደኛ ነበር፤ በሚኒባሷ ጉዳይ ግን ሐሜቱን ቡሬ ሁሉ ሰምቶታል። ስታየው እግሩን አወረደ።

«ቀንተህበት ነበር ይላሉ።»

«የማይቀና ሬሳ ብቻ ነው!» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «ይቅር ይበለኝ። እሜቴ፣ እኔ ድሮ ተበድሬ ባጃጅ ገዝቼ ገለበጥኳትና ዕዳዋን ሳልጨርስ ቀረሁ። እንግዲህ እኔ ታሪክ ስላለኝ ተከለከልኩ፤ እሱ ታሪክ ስለሌለው ተሰጠው። ይሄን አይተው አይቅና ነው የሚሉኝ?»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ሰልፍ ላይ። ይህ ሁሉ ባለ ባጃጅ ምስክሬ ነው። ቅዳሜ ‹ነገ እንቆርባለን፣ ደንበኞቼን አንተ አድርስልኝ፣ ለሰው ግን አታውራ› አለኝ። የእሱን ደንበኞች ነው ሳመላልስ የዋልኩት።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ብቀናም እንዲህ ነው የምቀናው። ‹አንተ ከይሲ፣ ለእኔም ዋስ ፈልግልኝ› እያልኩ።»

የእህል ነጋዴው ጋሽ ኢስሃቅ በመጋዘናቸው ደጃፍ፣ በበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገነነ ለዓመታት የነዳት ባጃጅ የእሳቸው ናት።

«ጥሩ ሹፌር አሳጡኝ» አሉ። «መጀመሪያ ዋስ ሁነኝ ያለው እኔን ነበር። ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም አልኩት፤ ሃይማኖቴ ነው። ሚኒባሷን ያገኘ ጊዜ በዚህ ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋብኛል! እዩልኝ እኮ ነው።»

«ቀኑበት?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ትንሽ» አሉ። «ከጡሩምባው በኋላ።»

«መጨረሻ መቼ አገኙት?»

«እሑድ ጧት ደውዬ እህል አድርስልኝ ብለው ‹ጋሼ፣ ዛሬ ቆርቤያለሁ፣ ነገ ማልጄ› አለኝ። ‹በል እንኳን ለዚህ አበቃህ› ብዬ ተውኩት። እሱ ግን ለነገ አልበቃ።»

የመምህር ቴዎፍሎስ ቤት ዋናውን መንገድ ቁልቁል የሚያይ ሰገነት አለው። በተተኮሰ ሸሚዝ ተቀምጠው ተቀበሏት። ዓይናቸው ቀይ ነው። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው ይከተሉታል።

«ከዚህ ሆኜ በቀን ስንቴ ሲያልፍ አየው ነበር» አሉ። «የኋላ መስተዋቷ ላይ ‹ተመስገን› ብሎ አስጽፎባታል። ለእግዜር በዛ አልልም። ለዋሱ ግን አንዲት ፊደል የለችባትም።» ሳቁ። «ቀልዴን ነው።»

«እሑድ ተገናኛችሁ?»

«በስልክ እንጂ። ደውሎ ‹መምህር፣ መኪናዬን ላጥብ ወደ ወንዝ እየወረድኩ ነው› አለኝ። ‹ተጠንቀቅ፣ ያዳልጣል› አልኩት። የመጨረሻ ቃላችን እሱ ሆነ።»

«እርስዎ የት ሆነው ነው?»

«እዚሁ፣ ከዚህ ወንበር ላይ።»

«ያስቀየማችሁ ነገር አልነበረም?»

«አበ ልጄን? ደግሞስ እስቲ ያስቡት፣ ኢንስፔክተር። እሱ ሲሞት ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? በእኔ። የትኛው ዋስ ነው ተበዳሪውን የሚገድል?»

«ሒሳብ የሚችል ዋስ እንደዚያ አያደርግም» አለች ፍሬሕይወት።

«እኔ ደግሞ የማስተምረው ሒሳብ ነው» አሉ መምህሩ፤ እንደገና ሳቁ።

ደረጃውን ስትወርድ ግን ያ ሒሳብ አልተዋጠላትም። በጣም ልክ ነበር። ሰው በቅናት ሲቃጠል ትርፍና ኪሳራ የሚያሰላ ከሆነ እስር ቤቱ ለምን ይሞላል? ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር የእሑዱን የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የተደወለበትን ቦታ ከቴሌ በደብዳቤ ጠይቆ መጠበቅ ነበር።

በሣልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ቀለል ሲል ሁሉንም በወይዘሮ ወለተ ሐና ግቢ፣ ከሸራው ሥር ሰበሰበቻቸው። እጅጉ ከበርሜል ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ኢስሃቅ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። መምህሩ ክርስትና ልጃቸውን አቅፈዋል። ሳጅኑ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ያምሮት ከእናቷ ጎን ሆና ፍሬሕይወትን ብቻ ታያለች፤ ዓይኗ አሁንም ያንኑ ልመና ይለምናል። ፍሬሕይወት ለአፍታ አንገቷን ደፋች። የምታውቀውን ከተናገረች ይህች ሴት መኪናዋን ታጣለች። ካልተናገረች ደግሞ ባሏን የገደለው ሰው ልጇን እየሳመ ያሳድገዋል።

«ገነነ ጫማውን አላወለቀም» አለች። «ሌላ ሰው ነው ያወለቀለት፣ ከሞተ በኋላ። ውስጥ እግሩ ጭቃ ያልነካው ለዚህ ነው።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐኪሙ ጭንቅላቱ ጀርባ ያለው ቁስል የድንጋይ ነው ብሏል። ከመኪናዋ ጎማ ሥር ታኮ የሆነ ድንጋይ ነበር፤ ምልክቱ አለ፣ ድንጋዩ የለም። አንድ ሰው ከገነነ ጋር እዚያ ቆሞ ተነጋገረ። ነገሩ ከረረ። ሰውዬው ጎንበስ ሲል እጁ የገባው ታኮው ነው። ገነነ ሊሄድ ጀርባውን ሲሰጥ መታው። ታኮዋን ያጣች መኪና ደግሞ ቁልቁል ሄደችና የወደቀውን ሰው ገፍታ ከዋንዛው አጣበቀችው። ገዳዩ ሲያስበው አደጋ ይመስላል። ድንጋዩንና ስልኩን ወንዝ ጣለ። መኪናዋ ውስጥ ያገኘውን ባልዲ ውኃ ሞላ፣ ጨርቅና ሳሙና አወጣ፣ ጫማ አወለቀ፣ ሱሪ ጠቀለለ። አንድ ነገር ባይኖር እኔም አምነው ነበር።»

ወደ እጅጉ ዞረች። «ገነነ እሑድ ለምን አልሠራም?»

«ቆርቦ ነዋ።»

መምህሩ ቀና አሉ።

«ጋሽ ኢስሃቅ፣ እህልዎን ለምን አላደረሰልዎትም?»

«ቆርቤያለሁ ብሎኝ።»

«እማማ ወለተ ሐና?»

«እኔማ አብሬ ቆሜ አስቀድሼ! በዚህ ዓይኔ እያየሁት!»

«ቆርቦ ነበር?» አሉ መምህር ቴዎፍሎስ። ለማንም የተናገሩት አልነበረም።

«የቆረበ ሰው ውኃ እንደማይነካ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል» አለች ፍሬሕይወት። «ጋሽ ኢስሃቅም ሳይቀሩ።»

«ከጎረቤት ጋር ስኖር እንዴት አላውቅ፣ ልጄ።»

«ስለዚህ መቁረቡን የሚያውቅ ሰው ከሬሳው አጠገብ ባልዲ አያስቀምጥም። ባልዲውን ያስቀመጠው ያልተነገረው ሰው ነው። ያምሮት ‹ለቅርብ ሰው ብቻ ነገርን› ስትለኝ አበ ልጁ ቀድሞ ሰምቷል ብዬ ነበር። መምህር፣ ‹ላጥብ እየወረድኩ ነው አለኝ› ሲሉኝ ነው እንዳልሰሙ ያወቅኩት። ገነነ ያንን ቃል በዚያ ቀን አይናገረውም። የደወለውም እሱ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። ከሰገነትዎ ሆነው ሳይሆን እዚህ ጅጋ ቆመው። የቴሌው መልስ ዛሬ ጧት መጥቶልኛል።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ተነሥተው ሕፃኑን ከመምህሩ ክንድ ወሰዱ። እሳቸውም አልከለከሉም።

«ዋስ ለምን ይገድላል ብለውኝ ነበር» አለች ፍሬሕይወት። «‹ስምዎ ተይዟል› ሲባሉ የሳቁት ሳቅ ነው የነገረኝ። ታሪክ ያልነበረው ሰው በእርስዎ ስም ባለ መኪና ሆኖ በሰገነትዎ ሥር ያልፋል፤ ባለ ስሙ ግን በእግሩ ይሄዳል።»

መምህሩ እሷን አልሰሟትም። የሚያዩት ያምሮትን ነው።

«ለኢስሃቅ ነገራችሁት?» አሉ። «ለዚህ ለባጃጁ ልጅ እንኳ! ለእኔ ግን...»

«እኔ ነኝ አትንገር ያልኩት» አለች ያምሮት። «ልጁን ሲስሙት ‹የእኔ›፣ መኪናዋን ሲያዩ ‹በእኔ ስም›፣ ቤታችን ሰው ሲመጣ ‹እኔ ባልኖር›። ያለን ነገር ሁሉ የእርስዎ ሆነብን። ይቺ አንዲት ቀን እንኳ ያለ ዋስ ትሁንልን አልኩት። እሱማ ‹ይከፋቸዋል› ብሎኝ ነበር።»

«ሌላ ዋስ ፈልግና ልቀቀኝ ልለው ነው የሄድኩት» አሉ መምህሩ። «ለመንኩት። መልስ የለም። ሰደብኩት። አፉን በጋቢው ሸፍኖ ያየኛል። ‹ነገ፣ መምህር፣ ነገ እንነጋገር› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ባለ መኪና ሆነና ናቀኝ አልኩ። አፉን የሸፈነው ተጸይፎኝ መሰለኝ...» ባዶ የቀሩ ክንዶቻቸውን አዩ። «ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው ነው ለካ የመታሁት።»

ጋሽ ኢስሃቅ ከዘራቸውን ተደግፈው ፊታቸውን አዞሩ። እጅጉ ከበርሜሉ ላይ ወርዶ ወደ መምህሩ ሊሄድ ሲል ሳጅኑ ቀደመው፤ ካቴናውን አወጣ።

ሰው ከወጣ በኋላ ያምሮት የሸራውን ገመድ ይዛ ቆማ ነበር።

«እንግዲህ ዋስም የለኝ» አለች።

«አዎ» አለች ፍሬሕይወት።

ናጂሃ ደውላ የነገረቻት መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ተቋሙ አዲስ ዋስ እንድታቀርብ ለያምሮት ጊዜ ሰጥቷታል። ደሞዝ ያላቸው ዘመዶቿ አንዱ ታመምኩ፣ አንዱ ተዛወርኩ ብለዋል። በዚህ ነገር ውስጥ ስሙን ማስገባት የሚፈልግ የለም። ጊዜው ሊያልቅ ነው።

ፍሬሕይወት ከፍኖተ ሰላም ቢሮዋ መስኮት አጠገብ ቆማ ስልኳን አወጣች። «ያምሮት፣ ፍሬሕይወት ነኝ። በደሞዜ የተበደርኩት የለም፣ ስሜም አልተያዘም። ከፈቀድሽ እኔ ዋስ እሆንልሻለሁ» ብላ ጻፈች። ደግማ አነበበችው። ቴዎፍሎስም የጀመረው በእንዲህ ያለ ቃል ሳይሆን አይቀርም ብላ ጠረጠረች። ቢሆንም ላከችው።

መልእክቱ መድረሱን ስልኳ ነገራት። መልስ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣ፣ ሚኒባሷን ተቋሙ ወስዷት በግቢው ቆማ ባየቻት ዕለትም አልመጣ።